«ቅጂ»፣ «ገቢ» እና «ወጪ»፦ የባለ አንድ ቦርድ ኮምፒዩተሮችን ሥርዓት ስለ ማባዛት በተዘጋጀ ረቂቅ ሙዳየ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

ለአስተያየት ከደረሱን ጽሑፎች መካከል አንዱ የባለ አንድ ቦርድ ኮምፒዩተሮችን ሥርዓት ስለ መቅዳት፣ ስለ ማባዛትና ስለ ማስኬድ የሚያስረዳ የአጠቃቀም መመሪያ ረቂቅ ነው። በመጨረሻው ላይ ሁለት መቶ ያህል ቃላትን የያዘ ሙዳየ ቃላት ተያይዞበታል። አዘጋጁ በሙያው ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው መሆናቸው ከጽሑፉ ይታወቃል፤ ያሰቡትም ለትምህርት ቤት መምህራንና ለቴክኒክ ሠራተኞች እንዲሆን ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ መነሣታቸው ብቻውን ምስጋና የሚገባው ስለ ሆነ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ሒስ ድካማቸውን ለማቃለል የተጻፈ እንዳይመስል አስቀድመን እናሳስባለን። ከቃላቱ አብዛኞቹን ያለ ክርክር ተቀብለናቸዋል። የምንነቅፈው ጥቂቶቹን ነው። ነገር ግን እነዚህ ጥቂቶቹ አንባቢው እጁን ወደ ሥራ ሲዘረጋ የሚመራባቸው ናቸውና ስሕተታቸው በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም።

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒዩተር ማለት ፕሮሰሰሩ፣ የማስታወሻ ክፍሉና መሰኪያዎቹ ሁሉ በአንድ ቦርድ ላይ ተሰብስበው የተሠሩበት ትንሽ ማሽን ነው። ከዚህ ዓይነቱ እጅግ የታወቀው በእንግሊዝ አገር የተፈጠረውና እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ለገበያ የቀረበው ራስፕበሪ ፓይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የወጣው ሞዴል ዋጋ 35 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በአብዛኞቹ ሞዴሎቹ ሥርዓተ ክወናው፣ ፕሮግራሞቹና የተጠቃሚው ሥራ በሙሉ የሚቀመጡት የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል አንዲት ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ነው። ካርዱን ነቅለው በሌላ ተመሳሳይ ማሽን ላይ ቢሰኩት፣ ሁለተኛው ማሽን የመጀመሪያውን ሆኖ ይነሣል። ይሁን እንጂ ካርድ ብዙ ሲጻፍበት ያልቃል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋም በላዩ ያለው የፋይል ሥርዓት ሊበላሽ ይችላል። እንግዲህ ካርድን መቅዳት በእነዚህ ማሽኖች ለሚሠራ ሰው የዘወትር ሥራ እንጂ አልፎ አልፎ የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለም።

ለዚሁ ሥራ የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። «ዲዲ» የሚባለው ትእዛዝ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዩኒክስ ጋር የኖረ ሽማግሌ ነው፤ አንዱን ዕቃ ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው፣ ባዶውን ከሙሉው ሳይለይ ወደ ሌላው ያሻግራል። «ኤስዲ ካርድ ኮፒየር» ከራስፕበሪ ፓይ ሥርዓተ ክወና ጋር የሚመጣ፣ በመስኮት የሚሠራ መሣሪያ ነው። «አርፒአይ ክሎን» ማሽኑ ሳይጠፋ የሚሠራውን ሥርዓት ወደ ሌላ ካርድ ያወርዳል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታዘዝም ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ያሻግራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ራስፕበሪ ፓይ ኢሜጀር» ደግሞ አዲስ ካርድ ያዘጋጃል፤ ከመጻፉ በፊት የማሽኑን ስም፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል መቀበል ይችላል፤ ጽፎ ሲጨርስም ያነበበውንና የጻፈውን ያመሳክራል። ረቂቁ እነዚህን ሁሉ በሚገባ ይገልጻል። ችግሩ የሚጀምረው ለሥራቸው ስም ሲያወጣ ነው።

በቅድሚያ ስለ ማሽኑ ስያሜ አንድ ነገር ብለን እንለፍ። ረቂቁ «ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር» ይላል። ሰሌዳ ለመምህር ጥቁር ሰሌዳ፣ ለሾፌር ደግሞ የመኪና ቁጥር ነው። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ «ቦርድ» ይላል፤ ቦርዱ ተቃጠለ፣ ቦርዱ ይታጠብ፣ ቦርድ ይቀየር ሲል አንድም ሰው የሥራ አመራር ቦርድ መስሎት አያውቅም። ስለዚህ ሠራተኛው ያጸደቀውን ቃል ትተን ሌላ ለመፈለግ ምክንያት አይታየንም። አዘጋጁ በአንድ ቦታ «እንጆሪ ፓይ» ብለው የንግድ ስሙን ለመተርጎም መሞከራቸውም አላስፈላጊ ነው። እርግጥ የእኛ የዱር እንጆሪ ለራስፕበሪ የቅርብ ዘመዱ ስለ ሆነ በዕፀዋት ጥናት ዓይን ትርጉሙ አይነቀፍም፤ ነገር ግን የንግድ ስም አይተረጎምም፤ «እንጆሪ ፓይ አለ ወይ» ብሎ ሱቅ የሚገባም ማርማላታ ይዞ ይመለሳል።

የረቂቁ ዋና ሸክም ያረፈው «ቅጂ» በሚለው ቃል ላይ ነው። አዘጋጁ ይህን ቃል ቢያንስ በአምስት ፍቺ ይጠቀሙበታል። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የተወሰደ ተራ ፋይል ቅጂ ነው። የአንድን ካርድ ይዘት በሙሉ የያዘ አንድ ትልቅ ፋይልም ቅጂ ነው። ከመጀመሪያው ካርድ ተወስዶ ራሱን ችሎ የሚነሣ ሁለተኛ ካርድም ቅጂ ነው። ለክፉ ቀን የሚቀመጠውም፣ አዲስ ተሻሽሎ የወጣው ሥርዓተ ክወናም እንዲሁ ቅጂ ተብለዋል። በዚህ ላይ የድምፅ ቅጂ የሚለው የታወቀ አነጋገር ሲጨመር ስድስት ይሆናል። በረቂቁ ውስጥ «አዲሱን ቅጂ ከመቅዳትዎ በፊት የቀድሞውን ቅጂ ቅጂ ያስቀምጡ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ሰዋስዋዊ እንከን የለበትም። ሦስት ጊዜ የመጣው ቃል ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል፤ አንባቢው የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው አስቀድሞ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ብቻ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ደግሞ መመሪያ አይገዛም።

ጥፋቱ የቃሉ አይደለም። «ቀዳ» እጅግ ታዛዥ ግሥ ነው፤ ውሃ ይቀዳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ካሴት ይቀዳል፣ ጽሑፍ ይቀዳል። በሁሉም ውስጥ የጋራ የሆነው ከአንድ መያዣ ወደ ሌላ መሻገር ነው። ነገር ግን ቃሉ የተሻገረው ነገር በሁለተኛው መያዣ ውስጥ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር አይናገርም። በእነዚህ ማሽኖች ረገድ ልዩነቱ ያለው እዚያው ላይ ነው።

የሚከተለውን እንመልከት። ካርዱ በሙሉ ወደ አንድ ፋይል ሲሻገር የሚገኘው ነገር በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ እንጂ የሚነሣ አይደለም፤ ማሽን ላይ ሊሰካ አይችልም፤ ጥቅም የሚሰጠው ተመልሶ በካርድ ላይ ሲጻፍ ነው። እንግሊዝኛው ይህን «ኢሜጅ» ይለዋል፤ ረቂቁም በሌላ ገጽ «ምስል» ብሎ ተርጉሞታል። ምስል ለአንባቢያችን ፎቶግራፍ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይ «ምስሎች» የሚል ማኅደር ስላለም ገብቶ እዚያ መፈለጉ አይቀርም። በእኛ በኩል ለዚህ የምንመርጠው «ግልባጭ» የሚለውን ነው። ቃሉ በጽሕፈት ቤት የታወቀ ነው፤ በደብዳቤ ግርጌ የሚጻፈው ግልባጭ የዋናውን ቃል ሁሉ ይዞ በመዝገብ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በዋናው ቦታ ገብቶ ሥራ አይሠራም። የካርዱ ትልቅ ፋይልም ጠባዩ ይኸው ነው። «ገለበጠ» መድፋትንም ማገላበጥንም እንደሚያመለክት አልዘነጋንም፤ ስሙ ግን በጽሕፈት ቤት ፍቺው ስለ ጸና ችግር አይፈጥርም ብለን እናምናለን።

ከአንዱ ካርድ ተወስዶ ራሱን ችሎ የሚነሣው ሁለተኛ ካርድ ግን ሌላ ነው። ለእርሱ «መንታ» የሚለውን እናቀርባለን። ምክንያታችን የቃሉ ማማር አይደለም። በ«ዲዲ» የተሠራ ሁለተኛ ካርድ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት የክፍልፋይ መለያ ቁጥር አለው፤ አንድ ዓይነት የማሽን ስም፣ አንድ ዓይነት የማሽን መለያ፣ ከሩቅ ለሚገናኙት ሰዎች ማንነቱን የሚያረጋግጥባቸው ምስጢራዊ ቁልፎችም እንዲሁ። ማሽኑ ሲነሣ ሥሩን የሚፈልገው በክፍልፋይ መለያው ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ካርዶች በአንድ ጊዜ በአንድ ማሽን ላይ ከተሰኩ አንዱን ያስነሣሁ ሲሉ ሌላውን ማስነሣት ይቻላል፤ ሰውም አንደኛውን አረምሁ ብሎ ሌላውን ያርማል። ሁለቱ በአንድ መረብ ላይ በየማሽናቸው ቢሠሩ ደግሞ የአንዱን ምስጢራዊ ቁልፍ የያዘ ሰው በሌላው ስም ሊቀርብ ይችላል። ይህን ችግር «ቅጂ» የሚለው ቃል አያስጠረጥርም። መንታ ሲባል ግን ማንኛውም ወላጅ እንደሚያውቀው ለየራሳቸው ስም ማውጣት ግድ ነው። «ኤስዲ ካርድ ኮፒየር» አዲስ የክፍልፋይ መለያ የመስጠት ምርጫ አለው፤ ረቂቁ ይህን ምርጫ «አማራጭ ቅንብር» ብሎ በግማሽ መስመር አልፎታል። ስያሜው ትክክል ቢሆን ኖሮ ማብራሪያው ራሱ በግማሽ መስመር ባልተወሰነ ነበር።

በዚህ ስያሜ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ እናውቃለን። መንታ ሁለት ነው፤ አንድ መምህር ለክፍሉ ሠላሳ ካርድ ሲያዘጋጅ «ሠላሳ መንታ» ሊል ነው? ይህ እውነተኛ ድክመት ነው። የምናቀርበው መፍትሔ ከአንድ ግልባጭ ብዙ ካርድ ማውጣትን «ማባዛት» ማለት ነው፤ የጽሕፈት ቤት ማባዣ መኪና ያየ ሰው ሁሉ ከአንድ ዋና ብዙ ወረቀት እንደሚወጣ ያውቃል። ሆኖም ለሠላሳዎቹ ለእያንዳንዳቸው የሚሆን ስም አላገኘንም፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ።

«መጠባበቂያ» የሚለውን ረቂቁ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅሶ ይተወዋል። ይህ ቃል ከሁለቱ የሚለየው መልክን ሳይሆን ዓላማን ስለሚናገር ነው። ግልባጭም መንታም ተራ የፋይል ቅጂም መጠባበቂያ ሊሆን ይችላል። የተጠቃሚውን ሰነዶች ብቻ ወደ ፍላሽ ቀድቶ «መጠባበቂያ አለኝ» የሚል ሰው አልዋሸም፤ ካርዱ ሲሞት ግን ሰነዱ እንጂ ማሽኑ አይመለስለትም። የሁለቱን ልዩነት በአንድ አንቀጽ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ «ቅጂ» የሚለው ቃል ስለ ሸፈነው አዘጋጁ ማስረዳት እንደሚያስፈልግ እንኳ አልታያቸውም።

አሁን በዚህ ጽሑፍ ልናተኩርበት ወደ ተነሣንበት ነጥብ እንምጣ። «ዲዲ» ሲታዘዝ ሁለት ነገር ይነገረዋል፤ ከየት እንደሚያነብና ወዴት እንደሚጽፍ። የመጀመሪያው «ኢፍ»፣ ሁለተኛው «ኦፍ» ተብለው በሚነበቡ ሁለት ሁለት የላቲን ፊደላት ይመለከታሉ። ረቂቁ የመጀመሪያውን «ገቢ ፋይል»፣ ሁለተኛውን «ወጪ ፋይል» ብሎ ተርጉሟል። ከእንግሊዝኛው ጋር ለማመሳከር ለተቀመጠ ሰው ትርጉሙ እንከን የለውም፤ መዝገበ ቃላት ከፍቶ የሚፈትሽም ትክክል ነው ይላል። በእንግሊዝኛው ዘንድ መካከል ላይ የቆመው ፕሮግራሙ ነው፤ ወደ ፕሮግራሙ የሚመጣው ገቢ፣ ከእርሱ የሚሄደው ወጪ ይባላል።

በአማርኛ ግን ገቢና ወጪ ባለቤት ያላቸው ቃላት ናቸው። ባለቤታቸው የሒሳብ መዝገብና የንብረት ክፍል ነው። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ ከግምጃ ቤት ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። መካከል ላይ የቆመው መያዣው እንጂ አሻጋሪው አይደለም፤ ዕቃውን ተሸክሞ የሚወስደው ሰው ገቢም ወጪም የለውም። በዚህ አነጋገር ያደገ አንባቢ ሁለት ካርድ በእጁ ይዞ «ገቢ የቱ ነው?» ቢባል የሚያሳየው ዕቃ የሚገባበትን፣ ማለት ባዶውን ካርድ ነው። «ወጪ የቱ ነው?» ቢባልም ዕቃ የሚወጣበትን፣ ሙሉውን ካርድ ያሳያል። ይህም ትእዛዙ ከሚፈልገው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። አንባቢው ሳይገባው ቀርቶ ሳይሆን በሚገባ ገብቶት ይሳሳታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ደግሞ ጥርጣሬ ስለማይቀድመው ከሁሉ የከፋ ነው።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት የሸማኔን ሙያ ቃላት ለመሰብሰብ በመስክ የተቀዱ ንግግሮች በአንድ ራስፕበሪ ፓይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማሽኑ ርካሽ፣ መብራትም ብዙ የማይፈልግ ስለ ሆነ ለዚያ ሥራ ተመችቶን ነበር። ካርዱ ማርጀቱ ስለ ታወቀ ወደ አዲስ እንዲሻገር ተወሰነ። ሥራው የተሰጠው ቀድሞ በንብረት ክፍል ያገለገለ፣ ጠንቃቃና ታማኝ የሆነ ወጣት ነበር። ከፊቱ የነበረው ግማሽ ገጽ የአማርኛ መመሪያ «ገቢ» እና «ወጪ» ይል ነበር። ወጣቱ ሁለቱን ካርዶች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ፣ እንደ ተጻፈው ሁሉ፣ ሙሉውን ካርድ በወጪ፣ ባዶውን በገቢ አስገባ። ትእዛዙ አላመነታም። «ዲዲ» እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ሲጨርስም ይህን ያህል ባይት ተሻገረ የሚል ቁጥር ጽፎ ዝም ይላል። ወጣቱ ቁጥሩን በማስታወሻው ላይ መዝግቦ፣ ሥራው በሰላም ተፈጸመ ብሎ ሁለቱንም ካርዶች በፖስታ አሽጎ አስረከበን። ሁለቱም ባዶ ነበሩ። ካርዱ ከዳር እስከ ዳር ስለ ተጻፈበት ከላዩ የሚመለስ ነገር አልተገኘም።

ከቃላቱ ከፊሉ ቀደም ብሎ በካርድ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ስለ ነበር ድርና ማግ፣ መወርወሪያና ሌላውም የመሣሪያ ስም ሁሉ አልጠፋም። የጠፋው አነጋገሩ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው እየሠሩ ስለ እያንዳንዱ ነገር ያወሩት፣ የመወርወሪያው ድምፅ በመካከል የሚሰማበት የብዙ ሰዓት ንግግር። እንደ ገና ለመቅዳት ስንልክ እርሳቸው አርፈው ነበር። ወጣቱን ማንም አልወቀሰውም፤ የሚወቀስም አልነበረም። ያን ግማሽ ገጽ መመሪያ የተረጎምነው እኛው ነበርን። «ኢንፑት» የሚለውን ቃል ባየን ጊዜ «ገቢ» የሚለው በአእምሯችን ዝግጁ ሆኖ ስለ ጠበቀን፣ ሁለት ጊዜ ሳናስብ ጻፍነው። እንግዲህ በረቂቁ ውስጥ እነዚያን ሁለት ቃላት ስናገኝ የተሰማንን አንባቢ ይገምተው።

በምትካቸው የምናቀርበው «ምንጭ» እና «ተቀባይ» የሚሉትን ነው። «ምንጭ» በሙዳየ ቃላቱ ውስጥ ቀድሞም በሌላ ፍቺ አለ፤ ለዚህ ቦታ ግን ከሌላው ሁሉ ይስማማል፤ ከ«ቀዳ» ጋር የተወለደ ቃል ነውና። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ከእንስራ ወደ ምንጭ የሚቀዳ ሰው የለም። አቅጣጫው በቃሉ ውስጥ ስላለ መሳሳት ያስቸግራል። ምንጩ ከተቀዳለት በኋላ እንዳለ መቅረቱም ከነገሩ ጋር ይሄዳል። ለሁለተኛው «መድረሻ» የሚሉ አሉ፤ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን መድረሻ ለመንገደኛ ነው፤ ተቀባይ ለተቀበለው ነገር ኀላፊነት አለበትና እኛ እርሱን እንመርጣለን። «ፋይል» የሚለው ተቀጽላ ይቅር። ዩኒክስ ዕቃን ሁሉ እንደ ፋይል ስለሚቆጥር እንግሊዝኛው እንደዚያ አለ፤ የእኛ አንባቢ ግን ካርድ እንዴት ፋይል ይሆናል ብሎ ይደናገራል።

የምሳሌያችን ጉድለትም መነገር አለበት። የምንጭና የእንስራ አነጋገር በተቀባዩ ላይ የሚደርሰውን ጥፋት ይሸፍናል። እንስራው ውስጥ ቀድሞ የነበረ ውሃ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል እንጂ አይጠፋም፤ በተቀባዩ ካርድ ላይ የነበረው ሥራ ግን ይደመሰሳል። ስለዚህ «ይጻፋል» በሚለው ቦታ ሁሉ «ደምስሶ ይጽፋል» ተብሎ እንዲገባ እንጠይቃለን። ረቂቁ ካርዶቹን «ኤስዲኤ» እና «ኤስዲቢ» እያለ ሲጠራም አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመርበት፤ እነዚህ ስሞች የዕቃው አይደሉም፤ ማን ቀድሞ እንደ ተሰካ እየታየ የሚታደሉ የወረፋ ቁጥሮች ናቸው። ዛሬ «ኤስዲኤ» የሆነው ነገ «ኤስዲቢ» ሊሆን ይችላል። «32 ጊጋባይት» ተብለው የሚሸጡ የሁለት ፋብሪካ ካርዶችም በባይት ልክ እኩል አለመሆናቸው የተለመደ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ግልባጭ በሌላው ላይ አልበቃ ሊል እንደሚችል ቢገለጽ መልካም ነው።

የቀሩትን በአጭሩ እንያቸው። ግልባጭን በካርድ ላይ መጻፍን ረቂቁ «ምስሉን አቃጥል» ይላል። እሳት የጠራ ሰው የሚያገኘው አመድ ነው። ጠጋኞች በዚህ ፈንታ «ፍላሽ ማድረግ» ይላሉ፤ ነገር ግን በአገራችን ፍላሽ በዩኤስቢ የሚሰካው ማስቀመጫ ስም ስለ ሆነ «ፍላሹን ፍላሽ አድርግ» ወደሚል አዙሪት ይወስዳል። «ጻፈ» ይበቃል። «ሥር» የሚለው ሦስት ነገር እንዲሸከም ተደርጓል፤ ሁሉን የማድረግ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ፣ የማኅደሮችን ሁሉ መነሻና ሥርዓቱ የተቀመጠበትን ክፍልፋይ። በዚያ ላይ በአንዳንድ ገጽ «ስር» ተብሎ በእሳቱ ሰ ተጽፎ «የስር ክፍልፋይ» ሲል ታች ያለ ንኡስ ክፍልፋይ ይመስላል። ፊደላችን ድምፃቸው አንድ የሆኑ ሆሄያት መያዙ ሁልጊዜ ሸክም እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ማስነሣት» ግን ከረቂቁ ቃላት ሁሉ የተዋጣለት ነው፤ ሞተር እንደሚነሣ ማሽኑም ይነሣል፤ እምቢ ሲልም «አልነሣ አለ» ይባላል፤ ገና ያልሰማው ሰው እንኳ ይረዳዋል።

በመጨረሻ «አስመሳይ» ስለሚለው። ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒዩተር በእጁ የሌለ ሰው የካርዱን ግልባጭ በተራ ኮምፒዩተር ላይ ማስኬድ ይችላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ዋናው ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው «ኪዩኢሙ» ነው፤ የራስፕበሪ ፓይን የተለያዩ ሞዴሎች ሆኖ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ አራተኛው ሞዴልም ተጨምሮለታል። ረቂቁ ይህን መሣሪያ «አስመሳይ» ብሎ ሰይሞታል። በሰዋስው በኩል ከ«መሰለ» የተገኘ ትክክለኛ ስም ነው። በኑሮ በኩል ግን አስመሳይ ማለት ያልሆነውን ሆኖ የሚቀርብ ግብዝ ሰው ነው፤ ቃሉ ስድብ ነው። «ሥርዓትዎን በአስመሳዩ ላይ ይፈትኑ» የሚለውን መምህር ለተማሪ ሲያነብ ክፍሉ ይስቃል፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ መሣሪያው የማይታመን ነገር ተደርጎ ይቀራል። «ተኪ ማሽን» ብለን ሞክረን አይተናል፤ ነገር ግን ለተበላሸ ማሽን የመጣ ምትክ ይመስላል። «አስኪያጅ» ደግሞ ከሥራ አስኪያጅ ጋር ያጋጫል። ስለዚህ ለጊዜው «ኢሙሌተር» በውሰት ይቆይ እንላለን፤ ስድብ ከመተርጎም መዋስ ይሻላል። ለዚሁ መሣሪያ የሚቀርብ ግልባጭ መጠኑ 4፣ 8፣ 16 እያለ ሁለትን በራሱ በማባዛት የሚገኝ ካልሆነ እንደማይቀበለውም በመግለጫው ይግባ፤ ረቂቁ ዘሎታል።

አዘጋጁ ረቂቁን አርመው ለኅትመት ከማብቃታቸው በፊት አንድ ሥራ እንዲሠሩ እንለምናቸዋለን። የቋንቋ ሊቅ ያልሆነ፣ ኮምፒዩተርም ያልተማረ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ያስጠሩ፤ ሁለት ዋጋ የሌላቸው ካርዶች፣ አንዱን ጥቂት ፎቶግራፍ ያለበት፣ አንዱን ባዶ አድርገው ከመመሪያው ጋር ይስጡት፤ አጠገቡ ቆመው ምንም ሳይናገሩ የሚያደርገውን ይመልከቱ። «ገቢ» እና «ወጪ» በረቂቁ ውስጥ በዐሥራ አንድ ቦታ ይገኛሉ፤ ዝርዝራቸውን ከነገጻቸው ለብቻ ጽፈን ልከንላቸዋል።